ሸራውን ቫርኒሽ ልቀባው ነው፣ ወረቀቱንስ?

የሸራ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሥዕሎቼን አንድ ሰው ገዝቶኝ ወደ ቨርጂኒያ ሊወስዳቸው ነው። አንደኛው ሸራ ላይ በአክሬሊክ የሠራሁት ነው፣ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሁለተኛው ዘይት ቅብ ነው፣ ገና ሁለት ወሩ። መርካቶን ነው የሳልኩት፣ የጣሪያዎቹን ቆርቆሮ በስፓቹላ ወፈር አድርጌ ለጥፌዋለሁ። ሦስተኛው ስስ ወረቀት ላይ የተሠራ የውሃ ቀለም ነው። ሰውዬው "አቧራ እንዳይበላቸው ሦስቱንም ቫርኒሽ ቀቢልኝ" ብሏል። ሰፈር ካለ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ለበርና ለወንበር የሚሆነውን ገዛሁ። እስካሁን አልከፈትኩትም። ልቀባ ወይስ ይቅርብኝ? ክረምቱም ገብቷል።

አራተኛ ፎቅ፦
እንኳንም አልከፈትሽው! ሂጂና መልሺው። የእንጨት ቫርኒሽ እየቆየ ቢጫ ይሆናል። ነጭሽ ሁሉ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ሲብስ ደግሞ አንዴ ከተቀባ አይለቅም። የሥዕል ቫርኒሽ የሚቀባው እኮ አንድ ቀን እንዲነሳ ነው። ከዓመታት በኋላ ጭስና አቧራ ሲጠጣ፣ ሥሩ ያለው ቀለም ሳይነካ ተጠርጎ አዲስ ይቀባል። ስትገዢ ለሥዕል የተሠራና የሚነሳ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቢ።

አክሬሊኩ ሦስት ሳምንት ከሞላው ደርሷል። ግን ቫርኒሹን በቀጥታ ቀለሙ ላይ አትጫኚው። መጀመሪያ መለያ የሚሆን ግልጽ ሽፋን ስጪው፦ ሁለት እጅ ለስላሳ ግሎስ (የሚያብረቀርቅ) አክሬሊክ ጄል፣ አንድ እጅ ውሃ። ወደፊት ቫርኒሹ ሲነሳ የሚያነሳው ፈሳሽ አክሬሊኩን ራሱን እንዳይነካው ነው። እሱ በደንብ ሲደርቅ ሸራውን ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ያዢ። በስሱ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ አቅጣጫ። ሁለተኛውን ዙር መጀመሪያው ሲደርቅ በአግድሙ ቀቢ። መድረቅ የጀመረ ቦታ ላይ ተመልሰሽ ብሩሽ አታሳርፊ፤ እጅ ያሳክካል፣ አውቃለሁ፣ ግን እዚያ ላይ ነው የሚበላሸው። ጠርሙሱንም አትነቅንቂው፣ አረፋ ያመጣል። በቀስታ አማስይው።

ዘይት ቅቡን ተይው። ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል።

ቀለም በጥባጭ፦
በዘይቱ ትንሽ ልከራከር። የድሮው ደንብ እሱ ነው፣ እውነት ነው። ዛሬ ግን እንደ ጋምቫር ያሉ ቫርኒሾች አሉ፣ በጣም ወፍራሙ ቦታ ጠጥሮ ከደረቀ ዓመት ሳይጠበቅ ይቀባሉ። በጥፍርሽ ቆርቆሮዎቹን ጫን በያቸው። ገባ ካለልሽ አልደረቀም።

አራተኛ ፎቅ፦
በስፓቹላ የተለጠፈ ዘይት በሁለት ወሩ? ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ ገና ቅቤ ነው። ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው ቀስ እያለ የሚጠነክረው።

ጋሽ ብራና፦
ልጄ፣ ወረቀቱን ማንም ዝም ስላለው እኔ ልናገር። የውሃ ቀለም ላይ በብሩሽ ቫርኒሽ ካስኬድሽ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። የወረቀት ቫርኒሹ መስታወት ነው። ለፍሬም ሠሪው ንገሪው፦ አሲድ የሌለው፣ ፓስፓርቱ የሚሉት መሃሉ የተቀደደ ካርቶን ይግባበት፣ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካው። ከነካው እርጥበት ይዞ ሻጋታ ያመጣል። በፕላስተር እንዳይለጥፈው አደራ፣ ሙጫው ወረቀት ውስጥ ገብቶ ቡናማ ይሆናል። ስስ የጃፓን ወረቀትና የስንዴ ስታርች ሙጫ ይበቃል፣ ከላይ ብቻ ተይዞ ይንጠልጠል።

ብራናም ላይ እንደዚሁ ነው። ቆዳ ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ይኮማተራል። ቫርኒሽ ልቀባ የሚል ሰው ሲመጣ እጁን እይዛለሁ።

ቀለም በጥባጭ፦
ጋሼ፣ እኔ ተማሪ እያለሁ ንድፎቼን ሄር ስፕሬይ እረጭባቸው ነበር። በእርሳስና በከሰል የተሠራ እንዳይጠረግ ይይዘዋል።

ጋሽ ብራና፦
የዚያን ጊዜውን ንድፍህን እስቲ አውጥተህ እየው። ቢጫ ካልሆነ ቡና እኔ ላይ። ለከሰል ፊክሳቲቭ የሚባለው ራሱን የቻለ ስፕሬይ አለለት።

የሸራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የሥዕል ቫርኒሽ አገኘሁ፣ ማት ነው፣ የማያብረቀርቀው። የተረፈ ሸራ ላይ ሞከርኩት። በሁለት ዙር ጥቁሩ አመድ ለበሰብኝ።

አራተኛ ፎቅ፦
በውሃ የሚሠራው ቫርኒሽ እርጥብ ሳለ ወተት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጠራል። ደርቆም አመድ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ጠርጥሪ። ማት ውስጥ ብርሃን የሚገድል ዱቄት አለ፣ ሥር ይዘቅጣል። ካልተማሰለ ወይም ከተደራረበ ጥቁር ላይ ጭጋግ ይሆናል። የመጀመሪያውን ዙር ግሎስ ቀቢና ማቱን በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ዝናብ እየጣለ አትቀቢ። ፀሐይ ብቅ ያለችበትን ረፋድ ጠብቂ። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም አይሁን፣ ጭሱ እርጥቡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ስትልኪው ደግሞ ያ እንክብል እንክብል ያለው ፕላስቲክ ቫርኒሹን በቀጥታ እንዳይነካው፣ ክብ ክብ ምልክቱን ይተውበታል። መሃል ላይ ሲሊኮን የተቀባ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርጊ። ሸራውን ከፍሬሙ ነቅለሽ ባትጠቀልይው ይሻላል፤ ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን።

የሸራ ልጅ፦
ዛሬ ረፋድ ላይ ግሎሱን ቀባሁ፣ ጥቁሩ ጠርቶ ወጣ። ማቱ ነገ። ወረቀቱ ፍሬም ቤት ነው። ሰውዬው ጋ ደወልኩና መርካቶ ገና አልደረቀም ብዬ ነገርኩት፣ መጀመሪያ ትንሽ አኮረፈ። ለገና ሲመጣ ይወስደዋል።