ለጥናት መግደል፦ የጃፓን ዓሣ ነባሪ አደንና የእኛ ነጭ ዓሣ

ጠያቂዋ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። የጣናን ነጭ ዓሣ (የላቤዮባርበስ ወገን የሆኑ፣ የሚመሳሰሉ ዝርያዎች የጋራ ስም ነው) የእንቁላል ብዛት ለማጥናት ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው። ዕቅዴ በክረምቱ ጉማራ ጣና ከሚገባበት አካባቢ 400 ዓሣ በመረብ መያዝ ነው። «ጃፓን በሳይንስ ስም ዓሣ ነባሪ ስለገደለች ተወግዛለች፤ ያንቺ በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልኛል። መልሴ «እነሱ ሥጋውን ይሸጡ ነበር» የሚል ነው። ያዋጣል? ሔግ ያለው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትስ በጃፓን ላይ የወሰነው ምንድን ነው?

ሰባታሚት

እህቴ፣ በሥጋው ሽያጭ ብቻ አትከራከሪ። የዓሣ ነባሪ አደንን የሚገዛው የ1946ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 8 አገሮች ለምርምር የሚገደል ዓሣ ነባሪ ላይ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጡ ይፈቅዳል፤ የተገደለውም በተቻለ መጠን ጥቅም ላይ እንዲውል ያዛል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ሥጋው መሸጡ ብቻውን ፈቃዱን አያፈርሰውም ብሏል። መግደልንም በደፈናው አልከለከለም። የመረመረው የምርምሩ ንድፍና አፈጻጸም ከተባለው ዓላማ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለውን ነው።

ጃፓን የተረታችው እዚህ ላይ ነው። በ2005 በአንታርክቲክ የጀመረው ጃርፓ 2 የተባለው የጃፓን የምርምር ፕሮግራም በዓመት 850 ሚንኬ (10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል)፣ 50 ፊንና 50 ሃምፕባክ የተባሉ የዓሣ ነባሪ ዝርያዎችን ለመግደል ያቀደ ነበር። ሃምፕባክ አንድም አልተገደለም፤ ፊን ሲደመር 18 ብቻ ነው፤ ሚንኬም በ2012/13 ወደ 103 ወረደ። በዝርያዎቹ መካከል ያለውን ፉክክር አጠናለሁ ያለ ምርምር የሁለቱ ናሙና ከእጁ ወጥቶ ሳለ ዕቅዱን አልከለሰም። የናሙናው ቁጥርም ለሚንኬ የ6 ዓመት፣ ለሁለቱ ትልልቆች ደግሞ የ12 ዓመት የጥናት ጊዜ ታስቦ የተሰላ ነው፤ ለምን እንደተለያየ አጥጋቢ ምክንያት አልቀረበም። ወደ 3,600 ሚንኬ ተገድሎ የወጣው የሳይንስ ውጤት ጥቂት መሆኑም ተነሥቷል። ውሳኔው ማርች 31 ቀን 2014 በ12 ለ4 ድምፅ ፈቃዶቹ ለሳይንሳዊ ምርምር የተሰጡ አይደሉም የሚል ነው። ጃፓን በኋላ በዓመት 333 ሚንኬ የሚል አዲስ ዕቅድ ይዛ ተመለሰች፤ በ2019 ከዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ወጥታ በራሷ የባሕር ክልል በግልጽ ለንግድ ማደን ጀመረች።

ዓባይ ማዶ

ሰባታሚት ባለው ላይ አንድ ልጨምር፤ የጃፓን ሳይንቲስቶች ክርክር ባዶ አልነበረም። የሚንኬ ዕድሜ የሚነበበው በጆሮው ቱቦ ውስጥ ከሚጠራቀመው ሰም ነው። ሰሙ ፈዘዝና ጠቆር ባሉ ንብርብሮች ያድጋል፤ ሳይሰበር ወጥቶ በቁመቱ ይከፈልና ንብርብሩ በማጉያ ይቆጠራል። የወጣቶቹ ለስላሳ ስለሆነ ሲወጣ ይፈራርሳል፣ ለማንበብም ያስቸግራል። ይህ ከሞተ እንስሳ ብቻ ነው የሚገኘው። ሌላው ግን ሳይገደል ይገኛል፦ በባዮፕሲ ቀስት ከሚወሰድ ቆዳና ስብ ዲኤንኤና የእርግዝና ሆርሞን፣ ከዐይነ ምድሩ ደግሞ የበላው ይታወቃል። ፍርድ ቤቱ ቅር ያለው እነዚህ አማራጮች የናሙናውን ቁጥር ይቀንሱ እንደሆነ በወጉ ስላልተመረመረ ነው።

ላንቺም የሚቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። እንቁላል ለመቁጠር የእንቁላል ከረጢቱ መውጣት አለበት፤ እዚህ ላይ አማራጭ የለም። ዓሣውን አንቺ መግደልሽ ግን ግድ አይደለም። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላል ሊጥል ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ መዘርጋት ዝርያውን በጣም በሚጎዳበት ሰዓት መምታት ነው፤ የጣና ነጭ ዓሣ የተመናመነው በዚህ ዓይነት ማስገር መሆኑን አትርሺ።

ጠያቂዋ (ባሕር ዳር)

አመሰግናለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ካመጡት ልውሰድ ብል ግን ሆድ ዕቃው ወጥቶ ነው የሚሸጠው። ቁጥሩንስ በምን ልወስን?

ሰባታሚት

ከመታረዱ በፊት ማራገፊያው ላይ ተገኝተሽ ከአጥማጆቹ ጋር ተስማሚ፤ ሥጋው የእነሱ፣ ከረጢቱ ያንቺ። የመረቡን ዓይን ስፋት ለእያንዳንዱ ዓሣ መዝግቢ፤ አለበለዚያ ትልልቁ ብቻ መምጣቱ የመረቡ ምርጫ ይሁን የዓሣው አይታወቅም። ሲነኩት እንቁላል የሚያፈስ ዓሣ አትቁጠሪ፤ ከፊሉን ስለጣለ ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ከረጢቱን ሙሉውን መዝኝ፣ ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ 1 ግራም 1 ግራም ወስደሽ ቁጠሪ፣ አማካዩን በጠቅላላው ክብደት አባዢ።

ናሙናው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ለእንቁላሉ ይሆናል፤ ለዲኤንኤ ግን ያበላሻል። ለዲኤንኤ ከክንፉ ጫፍ ትንሽ ቆርጠሽ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቺ፤ ዝርያዎቹ ስለሚመሳሰሉ በኋላ ያስፈልግሻል።

400ውን ሰርዢው። ዝርያ በዝርያ ለያይተሽ በየ5 ሴንቲሜትሩ የርዝመት ክፍል የምትፈልጊውን ቁጥር በሙከራ ናሙና አስልተሽ አስቀምጪ፤ ክፍሉ ሲሞላ ከዚያ መጠን መሰብሰብ አቁሚ። ካልሞላ ደግሞ የትኛውን የጥናት ጥያቄ እንደምትተዪ አሁኑኑ ፕሮፖዛሉ ላይ ጻፊው።