ሪቻርድስ ላብራቶሪ፦ የማዕዘን ኮለን (ምሰሶ) የሌለው ሕንፃ እንዴት ቆመ?

ጀማሪ ሲቪል፦
ሰላም ለቤቱ። ለክፍል ሥራ ፊላደልፊያ ያለው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድስ የሕክምና ምርምር ሕንፃ ደርሶኛል፤ የሉዊስ ካን ሥራ ነው። ፎቶውን ሳየው ግራ ገባኝ። አራቱም ማዕዘን ላይ ኮለን የለም፤ መስታወት ብቻ። ጭነቱን ማን ነው የያዘው? እነዚያ ረጃጅም የጡብ ማማዎች ናቸው እንዴ?

የድሮ ሳይት፦
አይደሉም ወንድሜ። ብዙ ሰው ማማዎቹን ያያቸውና ይሸወዳል። ማማዎቹ ደረጃና የአየር ማስወጫ ናቸው፤ የላብራቶሪውን ወለል የሚሸከሙት በየጎኑ ሁለት ሁለት የቆሙ ስምንት ኮለኖች ናቸው።

ወለሉ 45 ጫማ በ45 ጫማ ነው፤ ወደ 13.7 ሜትር። ኮለኖቹ እያንዳንዱን ጎን ሦስት ቦታ እኩል ይከፍሉታል። ስለዚህ የጠርዙ ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) ከኮለኑ አልፎ 15 ጫማ፣ ማለትም 4.6 ሜትር ገደማ፣ በካንቲሊቨር፣ ማለትም ጫፉ ከሥር ሳይደገፍ፣ ወጥቶ ማዕዘኑ ላይ ከጓደኛው ጋር ይገናኛል። አሁን ፎቶውን አጉላውና የቢሙን ሆድ እይ። ወደ ማዕዘኑ ሲጠጋ ደረጃ እየሠራ ይሳሳል። ለጌጥ እንዳይመስልህ! ሞመንቱ (ቢሙን የሚያጎብጠው ጉልበት) ኮለኑ ጋ ይከብዳል፣ ጫፉ ጋ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የሞመንቱን ዲያግራም ፊት ለፊት ሰቅለውልሃል።

የኢንጂነሩን ስም ሪፖርትህ ላይ እንዳትዘልለው፤ ኦገስት ኮመንዳንት ይባላል፣ የኢስቶኒያ ተወላጅ ነው። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ዋናው ትራስ (ከዘንጎች የተገጣጠመው ወለል ተሸካሚ) ነው። ቪረንዲል ነው፤ ሰያፍ የለውም፣ ቀዳዳው አራት ማዕዘን ነው። ሰያፍ ስለሌለ የአየር ዳክቱም ቱቦውም በመሃሉ እንደልብ ያልፋል። ዋጋውን የሚከፍለው መጋጠሚያው ነው፤ ሞመንት መሸከም አለበት። ክፍሎቹ ፋብሪካ የተሞሉ ፕሪካስት ናቸው። ሳይት ላይ በክሬን ተነሥተው፣ ኬብል ገብቶባቸው፣ በፖስት ቴንሽን ተወጥረው አንድ ሆኑ።

የላብ ሰው፦
ጋሼ፣ ስለ ቢሙ እሺ። ግን እዚያ የሠሩት ተመራማሪዎች ፀሐይ አሰቃይታቸው መስኮቱን በአልሙኒየም ፎይል ይሸፍኑ እንደነበር ይነገራል። ኮርኒሱ ክፍት ስለሆነ አቧራውስ?

የድሮ ሳይት፦
ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። የፀሐዩ ቅሬታ የታወቀ ነው። ስትራክቸሩ ግን በዚያ አይወቀስም።

ጀማሪ ሲቪል፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህንኑ ሳይት ላይ በሚሞላ ኮንክሪት መሥራት ይቻላል?

የድሮ ሳይት፦
ይቻላል፤ ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ግን ያስለቅስሃል። እያንዳንዱን ቀዳዳ በጣውላ ልትዘጋ ነው። የላይኛው ፌሮ ኮለኑ ላይ ይታጨቃል፣ ኮንክሪቱን የሚጠቀጥቀውን ቫይብሬተር አያስገባም። ጫፉን ደግሞ ዲፍሌክሽኑን (ወደ ታች የሚጎብጠውን መጠን) አስልተህ ትንሽ ከፍ አድርገህ ሙላው፤ ድጋፉንም ኮንክሪቱ ሳይጠነክር እንዳታስነሣ። መጀመሪያ የጠርዙን ቢም ስሌት ብቻ በእጅህ ሥራና እዚሁ ለጥፈው፤ አየዋለሁ።