አስተናጋጃችን በኮቪድ ተጠርጥራ ቤት ቀርታለች፤ የሕመም ፈቃድ ክፍያዋ እንዴት ይሰላል?

ጠያቂ (የምግብ ቤት ባለቤት፣ ዋሽንግተን ዲሲ)፦
ዛሬ ጁን 9 ቀን 2020 ነው። 14 ሠራተኞች ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤት አለኝ። በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠራ አንዲት አስተናጋጃችን ትኩሳትና ሳል ስለ ጀመራት ለሐኪሟ ደውላ ነበር፤ ሐኪሟም ተመርምራ ውጤቷ እስኪታወቅ ድረስ ከቤት እንዳትወጣ አዝዛታለች። በሰዓት የምከፍላት 4.45 ዶላር ሲሆን ቀሪው ቲፕ ነው። ከ50 ሠራተኛ በታች ያለው ቤት ከአዲሱ የኮቪድ ሕመም ፈቃድ ሕግ ነፃ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነውን? ካልሆነ፣ አስቀድማ ያጠራቀመችውን ፈቃድ እንድትጨርስ ማድረግ እችላለሁን? የምከፍለውስ በየትኛው ሒሳብ ነው?

መላሽ 1 (የሒሳብ ባለሙያ)፦
የሰሙት ነፃነት ትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት መዋያ ተዘግቶበት ልጁን ለመጠበቅ የሚቀር ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት ነው፤ ለታመመ ሠራተኛ አይሠራም። ኮንግረስ በማርች 2020 ያወጣው ፋሚሊስ ፈርስት የተባለው ሕግ ከ500 ሠራተኞች በታች ያሏቸውን አሠሪዎች ከአፕሪል 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ሐኪም ከሰው እንድትለይ ያዘዛት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እስከ 80 ሰዓት ሙሉ ደመወዟን፣ በቀን ከ511 ዶላር ሳይበልጥ፣ ታገኛለች። ይህ ፈቃድ በዲሲ ሕግ ካጠራቀመችው በላይ የሚሰጥ ስለ ሆነ የራሷን አስቀድማ እንድትጨርስ ማስገደድ አይፈቀድም። ቶሎ ተሽሏት ከተመለሰች ደግሞ ያልተጠቀመችበት ሰዓት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆይላታል።

ገንዘቡ ከኪስዎ እንደማይወጣ ይወቁ። የከፈሉትን ያህል፣ በእርስዎ በኩል የሚከፈለውን 1.45 በመቶ የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና መድን) ድርሻ ጨምረው፣ ለመንግሥት ከሚያስገቡት የፔይሮል (የሠራተኛ ደመወዝ) ታክስ ላይ ይቀንሳሉ፤ ከዚያም በየሩብ ዓመቱ በሚያቀርቡት የታክስ ቅጽ፣ በፎርም 941፣ ላይ ያስመዘግባሉ። የሚያስገቡት ታክስ ካልበቃ በፎርም 7200 ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁ።

መላሽ 2 (አስተናጋጅ የነበረች)፦
እኔ በአፕሪል ታምሜ በተኛሁ ጊዜ የምሠራበት ቤት 80 ሰዓቱን በ4.45 አባዝቶ 356 ዶላር የሚል ቼክ ሰጠኝ። ቲፕ በሌለበት ሰዓት የቲፕ ሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ስሕተት ነው፤ ክፍያው ከዲሲ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ማለትም ዛሬ ከ14 ዶላር፣ ማነስ የለበትም። ሒሳቡን ጽፌ ባሳየኋቸው ጊዜ ልዩነቱን ከፈሉኝ፤ ሆኖም የቤት ኪራይ የከፈልኩት ተበድሬ ነበር። እባክዎን የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ አይሏት፤ የታመመ ሰው በዚህ ጊዜ ለወረቀት ወደ ክሊኒክ መላክ ተገቢ አይደለም። ስሟን፣ የቀረችባቸውን ቀናት፣ ምክንያቱንና ያዘዛትን ሐኪም ስም በጽሑፍ ብትሰጥዎ ይበቃል።

መላሽ 3 (በሲልቨር ስፕሪንግ የካፌ ባለቤት)፦
ሠራተኛ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ የሚያዘዋውሩ ከሆነ፣ የሚጠራቀመው ፈቃድ እንደ ቦታው ስለሚለያይ የምትሠራበትን ቦታ ይመልከቱ። በእኛ በሞንትጎምሪ ካውንቲ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቤት በየ30 ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ፣ በዓመት እስከ 56 ሰዓት ይሰጣል። በዲሲ ግን፣ እንደ እርስዎ ባለ ቤት፣ ቲፕ የምታገኝ አስተናጋጅ በየ43 ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ በዓመት እስከ አምስት ቀን ስታጠራቅም የወጥ ቤት ሠራተኛው በየ87 ሰዓቱ ነው። ይህን ልዩነት ለወጥ ቤቱ ሰዎች ማስረዳት ከሒሳቡ ይልቅ ይከብዳል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 80 ሰዓት በ14 ዶላር 1,120 ዶላር፣ ከሜዲኬሩ 16.24 ጋር 1,136.24 ሆነ። ወረቀቱን በስልክ እየጠየቅኋት ሞልቼ ፎቶውን ልኬላታለሁ፤ ፊርማዋን ስትሽል ታኖራለች። የመጀመሪያው ሳምንት 560 ዶላር ዓርብ ይገባላታል።

መላሽ 1፦
ወረቀቱን ለአራት ዓመት ያስቀምጡት። ከጁላይ 1 ጀምሮ የሚቀር ሰው ካለ ደግሞ የዲሲ ዝቅተኛ ደመወዝ 15 ዶላር ስለሚሆን ሒሳቡን በዚያ ይሥሩ።