በራሱ የሚስቅ ሕዝብ፦ ስለ ኖርዌይ ሙዚቃ፣ ቀልድና ማንነት ጥያቄ አለኝ

የሽምብጥ አንባቢ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር በሚሰበሰብ አንድ የንባብ ክበብ ውስጥ ወጣቶችን አስተባብራለሁ። የሚቀጥለው ወር መወያያችን ትንሽ ሕዝብ ማንነቱን በኪነ ጥበብ እንዴት እንደሚያሳይ የሚመለከት ሲሆን፣ ለምሳሌነት ኖርዌይን መርጠናል። ለምርጫው ምክንያት የሆነው ከአባሎቻችን አንዷ ያመጣችው የኖርዌይ ተማሪዎች የቪዲዮ ቀልድ ነው። አፍሪካውያን ወጣቶች ተሰብስበው፣ በብርድ ለሚንቀጠቀጡት ምስኪን ኖርዌያውያን የቤት ማሞቂያ እንዲዋጣላቸው በዜማ ሲማጸኑ ያሳያል።

ወጣቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዕድሜያችን ገፋ ያለው ግን ነገሩ ቶሎ አልተዋጠልንም፤ የ1977ቱን ድርቅ ስም ተሸክሞ በየአገሩ ለተንከራተተ ትውልድ፣ ርዳታ የቀልድ ዕቃ ሆኖ ሲቀርብ ማየት ያንገሸግሻል። ስለዚህ በመጀመሪያ ለመረዳት የምፈልገው እነዚህ ሰዎች የሚስቁት በማን ላይ እንደሆነ ነው።

ሌላው ጥያቄዬ ሙዚቃቸውን ይመለከታል። የገጠር ክራራቸው ወይም ማሲንቋቸው ሊባል የሚችለው የሃርዳንገር ቫዮሊን ዛሬ የአገር ኩራት እንደሆነ አንብቤያለሁ። እኛ ዘንድ አዝማሪን በሠርጋችን እንጠራዋለን፣ ልጃችንን ግን አንድርለትም። እነርሱ ከእንዲህ ያለ ንቀት እንዴት ወጡ? ወይስ ከመጀመሪያውም አልነበረባቸውም? በአገሩ የኖራችሁ ወይም ሙያውን የምታውቁ ብታብራሩልን ክበባችን ያመሰግናል።

ከበርገን የተመለሰ

የተከበሩ ጠያቂ፣ በርገን ከተማ ለትምህርት የተወሰኑ ዓመታት ቆይቼ ወደ ባሕር ዳር የተመለስኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርዎ።

ቪዲዮው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 የወጣ ሲሆን፣ ያሠራው የኖርዌይ ተማሪዎችና ምሁራን ዓለም አቀፍ የርዳታ ድርጅት ነው። ቀልዱ የተነጣጠረው በራሳቸው የርዳታ ማስታወቂያዎች ላይ ነው፤ ዝንብ የወረረውን ሕፃን ፊት እያሳዩ ገንዘብ በሚሰበስቡት ላይ። መነሻው ደግሞ እርስዎ ያነሡት ድርቅ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ ርዳታ ባወጡት ዘፈን፣ እነዚያ ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ብለው ጠየቁ። ላሊበላ ቤዛ ኩሉ የሚዘመርባትን አገር ነው እንዲህ ብለው የጠየቁት! የኖርዌይ ተማሪዎች ያንን የልመና ዜማ ወስደው ገለበጡት፤ ለማኙ ኖርዌያዊ፣ ሰጪው አፍሪካዊ ሆነ። ከዚያም ለተከታታይ ዓመታት ለከፋውና ለተሻለው የርዳታ ማስታወቂያ የዝገትና የወርቅ ማሞቂያ እያሉ ሽልማት ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ታላላቆቹ መቆጣታችሁ ቢገባኝም፣ ቀልዱ በእናንተ ወገን የቆመ ይመስለኛል።

በራስ መሳቅ ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በአውሮፓ የዘፈን ውድድር ታሪክ እንደ ኖርዌይ ብዙ ጊዜ መጨረሻ የወጣ አገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ፓሪስ ላይ ያን ታይገን የተባለው ዘፋኛቸው ከዳኞቹ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያገኝ ተመለሰ። ሌላ አገር ቢሆን አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠ ነበር፤ እርሱ ግን በአገሩ እንደ ጀግና ተወደደ፣ ዘፈኑም በሰፊው ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የበርገን ወንድማማች ኮሜዲያን ስለ ቀበሮ ጩኸት የሠሩት ዘፈንም ከዚሁ ጠባይ የወጣ ነው። ለቴሌቪዥን ዝግጅታቸው ማስተዋወቂያ እንዲሆን፣ ሆነ ብለው የማይረባ ዘፈን ለመሥራት አስበው ነበር፤ ዓለም ግን ከልቡ ወደደላቸው።

ይህን ጠባይ በቅርብ ያየሁት በብሔራዊ በዓላቸው ነው። ሕገ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1814 የጸደቀ ሲሆን፣ ከዴንማርክ አገዛዝ ወጥተው ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ቆይተው ሙሉ ነጻነት ያገኙት በ1905 ነው። በዚያ ቀን የሰልፉ ባለቤቶች ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤት ማርሽ ባንዶች ያልፋሉ፤ በርገን ላይ ደግሞ ልጆች የእንጨት ጠመንጃና ቀስት ተሸክመው ከበሮ እየደበደቡ ከተማውን ያናውጡታል። ይህን የእንጨት ጦር የትም አታገኙትም፣ የበርገን ብቻ ነው። እናቶች የየወረዳቸው ጥልፍ ያለበት የሱፍ ቀሚስ ለብሰው በብር ጌጥ ያብረቀርቃሉ፣ ልጆቹ አይስክሬምና ቋሊማ እስኪያቅራቸው ይበላሉ። የጦር ሰልፍ ዋናው ነገር አይደለም።

ሳቁን ትተው በዜማ ብቻ የተናገሩበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 2011 አንድ ጽንፈኛ 77 ሰዎችን ገደለ። በችሎቱ ወቅት፣ ሊለቢዮርን ኒልሰን የሚዘፍነውን ስለ ቀስተ ደመና ልጆች የሚያወሳ መዝሙር የልጆች አእምሮ ማጠቢያ ነው ብሎ አጣጣለው። በሚያዝያ 2012፣ በዝናብ፣ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ኦስሎ አደባባይ ላይ ተሰብስቦ ያንኑ መዝሙር ከዘፋኙ ጋር አዜመ። ከክበብዎ ጋር የሚወያዩበት አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ባለ ማሲንቆ

ሁለተኛውን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፤ ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ ማሲንቆም እጫወታለሁ።

ጠያቂያችን ንቀት አልነበረባቸውም ወይ ላሉት፣ ነበረባቸው፤ እንዲያውም ከእኛ የባሰ። የሃርዳንገር ቫዮሊን ከላይ አራት አውታር አለው፤ ከእነርሱ ሥር ደግሞ ቀስቱ የማይነካቸው አራት ወይም አምስት ቀጫጭን አውታሮች ተዘርግተዋል። የላይኛው ሲመታ የታችኞቹ በራሳቸው ይነዝራሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው እየተጫወተ ከኋላው ሌላ ሰው የሚያንጎራጉር ይመስላል። አካሉ በቀለም ሐረግ የተጌጠ፣ ዳርና ዳሩ በዛጎል የተለበጠ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ የአንበሳ ራስ ይቀረጽበታል። ይህን የመሰለ ዕቃ በ19ኛው መቶ ዘመን የሃይማኖት መነቃቃት በተነሣ ጊዜ የሰይጣን መሣሪያ ነው ተብሎ ብዙው ተሰበረ፣ እሳት ውስጥም ተጣለ። ባለቤቶቹ ራሳቸው አምነው ያቃጠሉት እንደነበረም ይነገራል። ጭፈራና ስካር የሚከተለው ነገር ስለነበር ክሱ ከባዶ አልተነሣም፤ አዝማሪ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ክሱን በደንብ ይረዳዋል።

ታዲያ ከእሳት ወደ ኩራት ያወጣው ምንድን ነው? እኔ እንደማየው ፍቅር አይደለም፣ ችግር ነው። ከዴንማርክ የወጣ አዲስ አገር የራሴ የሚለው ድምፅ አስፈለገው፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ ከውጭ ያልመጣ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ኡለ ቡል የተባለው ስመ ጥሩ የበርገን ቫዮሊን ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1849 ሚላርጉተን ተብሎ የሚጠራውን የሃርዳንገር ቫዮሊን ተጫዋች፣ የቴለማርክ ገጠር ወፍጮ ቤት ልጅ፣ ወደ ዋና ከተማው አምጥቶ መድረክ ላይ አወጣው። ኖታ የማያነብ የገጠር ሰው፣ የከተማው ባለ ካባ ፊት! በኋላ የሙዚቃ ደራሲው ኤድቫርድ ግሪግ የገጠሩን ዜማ ለፒያኖ ጻፈው፣ ዓለምም ያወቀው በእርሱ በኩል ነው።

ነገር ግን ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ይህን ወጣቶቹ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። ከመቶ ዘመኑ መጨረሻ ጀምሮ ዳኛ የሚቀመጥበት የቫዮሊን ውድድር ተጀመረ። ለጭፈራ የነበረው ዜማ ተቀምጦ የሚደመጥ ሆነ። ክብር አገኘ፣ እግር ግን አጣ። የእኛ አዝማሪ ቤት ገና እግሩን አላጣም። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው ተቀብሎ በሰምና ወርቅ አድርጎ መልሶ ወርዋሪውን ራሱን ሲያሳፍር፣ የተሰደበው ሰው እየሳቀ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ኖርዌያውያን በራሳቸው ሳቁ ለምትሉት፣ እኛ በራሳችን ለመሳቅ ገንዘብ እንከፍላለን። ዕለት ዕለት የሚወራውን ወሬም አዝማሪው ያው ማታውኑ ወደ ግጥም ይለውጠዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን አዝማሪዎች የተሳደዱትና የተገደሉት አፋቸው ስላልተያዘ ነው።

ከዓባይ ማዶ

ሁለታችሁም ያላችሁት መልካም ነው፤ ሥዕሉ ግን ከመጠን በላይ አማረብኝ። የነዳጅ ዘይት ያለው፣ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያለው አገር በራሱ ቢስቅ ምን ይጎድልበታል? በራስ መሳቅ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው።

ደግሞስ የኖርዌይ ማንነት ስንል የማንን ነው? በሰሜን የሚኖሩት የሳሚ ሕዝቦች ዮይክ የሚባል ዜማ አላቸው፤ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ተራራ ከማዜም ይልቅ ሰውየውን ወይም ተራራውን ራሱን ያዜሙታል ይባላል። ሰባኪዎች አረማዊ ነው ብለው አወገዙት፣ በትምህርት ቤትም ቋንቋቸው ተከለከለ። ቫዮሊኑ ከእሳት ሲወጣ ዮይክ ገና እየተባረረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአውሮፓ የዘፈን ውድድር ዮይክ ያለበት የኖርዌይ ዘፈን በሕዝብ ድምፅ አንደኛ ሲወጣ አገሩ በሙሉ ጨፈረ። በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፉሰን በሚባለው ቦታ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሳሚ አጋዘን አርቢዎችን መብት እንደሚጥሱ በየነ፤ ይሁን እንጂ ማመንጫዎቹ መሽከርከራቸውን ቀጠሉ። በ2023 መጀመሪያ ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል የታወቀች የሳሚ ዘፋኝ፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ደጅ ተቀምጠው ፖሊስ እየተሸከመ አወጣቸው። ፓርላማው ለቀደመው በደል ይቅርታ የጠየቀው በ2024 ነው። ዜማውን መውደድና የባለ ዜማውን መሬት ማክበር ለየቅል ናቸው።

ከበርገን የተመለሰ

ከዓባይ ማዶ ያሉት ስለ ሳሚ ያነሡትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ስለ ጥጋቡ ግን አልስማማም። ኢቫር ኦሰን የተባለው የገበሬ ልጅ በየወረዳው እየዞረ የገጠሩን አነጋገር ሰብስቦ አዲስ የጽሑፍ ቋንቋ ሲያዘጋጅ አገሩ ድሃ ነበር፣ ሕዝቡም ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር። ፓርላማው ያንን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1885 ከዴንማርክ ከመጣው የጽሑፍ ቋንቋ ጋር እኩል ያደረገው ነዳጅ ከመገኘቱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ዛሬም የሕዝብ እንደራሴው በወረዳው አነጋገር ይከራከራል፣ የቴሌቪዥን ዘጋቢውም በመንደሩ አነጋገር ዘገባ ያቀርባል። ኮሜዲያኑም የየወረዳውን አነጋገር ያስመስላሉ፤ ነገር ግን ያው አነጋገር ዜና ላይም ስለሚሰማ ቀልዱ አይመርርም። የእኛ ቴሌቪዥን የጎጃምን ገበሬ አነጋገር ከአስቂኝ ድራማ ውጭ ስንት ጊዜ አሰምቶናል?

የሽምብጥ አንባቢ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአነጋገሩ ነገር ያላሰብኩት ነበር፤ ከወጣቶቻችን አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ አነጋገራቸውን ቀይረው ይመጣሉና ለውይይት ይመቻል። ሁሉንም በአንድ ምሽት ማንሣት ስለማይቻል፣ ከቪዲዮው ልጀምር ወይስ በእርሱ ልጨርስ?

ባለ ማሲንቆ

በቪዲዮው አይጀምሩ፤ አንዴ ከሳቁ በኋላ ስለ ፉሰን የሚሰማዎት አያገኙም። ከተቃጠለው ቫዮሊን ይጀምሩ፣ ወደ ዮይክ ይለፉ፣ ቪዲዮውን ስለ 1977ቱ ድርቅ ታላላቆቹ ከተናገሩ በኋላ ያሳዩ። ለማሳረጊያ አንድ አዝማሪ ይጋብዙና ወጣቶቹ ስለ ባሕር ዳር ስንኝ ይወርውሩለት፤ ስለ ባጃጁ፣ ስለ እንቦጩ፣ ስለ ራሳቸውም ቢሆን። አዝማሪውን የሚጠሩት ግን እንደ ተናጋሪ እንግዳ ይሁን፤ ስሙ ከመርሐ ግብሩ ላይ ይጻፍ፣ አበሉንም አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ከዚያ በላይ ይሁን።