ጦር ውርወራ፦ ልጁ ሲንደረደር አቅጣጫው ለምን ይጠፋል?

የጣና ዳር መምህር፦
በባሕር ዳር የስፖርት መምህር ነኝ። ጦር ውርወራ ከማሠለጥናቸው መካከል አንድ የ15 ዓመት ቀኝ እጀኛ ልጅ ቆሞ ሲወረውር ጦሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ በጫፉ ይተከላል፤ ተንደርድሮ ሲወረውር ግን እየተርገበገበ ወደ ግራ ያደላና በሆዱ ይወድቃል። የብረቱ ጫፍ ቀድሞ መሬት ካልነካ ውርወራው ስለማይቆጠር፣ ያ ሁሉ ጉልበቱ በውድድር ላይ ከንቱ ይቀራል። ፍጥነቱን ሳልቀንስበት አቅጣጫውን እንዴት ላስተካክልለት?

አሠልጣኙ፦
ውድ መምህር፣ ክንዱን ከመውቀስዎ በፊት ግራ እግሩን ይመልከቱ። በመጨረሻው እርምጃ ግራ እግሩ ሲያርፍ ጉልበቱ ከታጠፈ፣ በሩጫ ያጠራቀመው ፍጥነት ወደ ትከሻው ሳይደርስ ይቀራል፤ ልጁም የጎደለውን በክንዱ ለመሙላት ሲል ክርኑን ዝቅ አድርጎ በጎን ይጎትታል፣ ግራ ትከሻውም ያለጊዜው ይከፈታል። ስለዚህ ሙሉውን መንደርደሪያ ለጊዜው ትተው በሦስት እርምጃ ብቻ ያስወርውሩት፤ ከኋላው ሆነው በስልክ ቢቀርጹት የጦሩ ጫፍ ከፊቱ አጠገብ መቼ እንደሚሸሽ በግልጽ ያያሉ። (የኬንያው ጁሊየስ ዬጎ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት ስልቱን የተማረው በአብዛኛው ከዩቲዩብ ቪዲዮ ነበር፤ በቪዲዮ መማር የሚናቅ አይደለም።) ጦሩ ቀጥ ብሎ መተከልን ሲለምድ ሁለት ሁለት እርምጃ ይጨምሩለት።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
በአሠልጣኙ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የጦሩ ክብደት ስንት ነው? በዓለም አቀፍ ውድድር ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች የሚወረውሩት 700 ግራም፣ ሴቶች ደግሞ 500 ግራም ነው። ልጁ የአዋቂዎቹን 800 ግራም የሚወረውር ከሆነ ክርኑ ዝቅ ማለቱ አያስደንቅም። በዚህ ዕድሜ የክርን አጥንት ማደጊያው ገና ስላልጠነከረ፣ በክርኑ ውስጠኛ ጎን ሕመም የተሰማው ዕለት ውርወራውን ያቁም፤ «ሲሞቅ ይተወዋል» የሚለውን ምክር እኔ ፈጽሞ አልቀበለውም። በተከታታይ ቀናትም በሙሉ ኃይሉ አይወርውር።

ነፋስ ያየ፦
የልምምዱ ሰዓትም ይታሰብበት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ፣ ጫፉ ሽቅብ ያለ ጦር አየር ላይ ይቆምና ይወድቃል፤ በማለዳ ቢለማመድ ጥፋቱ የልጁ ይሁን የነፋሱ ይለያል።

የጣና ዳር መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤታችን ያለው ጦር 800 ግራም ብቻ ነው፤ ምን ላድርግ?

አሠልጣኙ፦
ቀጥ ያለ የእንጅባራ ቀርከሃ 2.30 ሜትር ያህል አድርገው ይቁረጡና መያዣው ላይ ገመድ ይጠምጥሙበት፤ ከዚያም ከ700 ግራም እንዳያልፍ በሚዛን ይመዝኑት። ርቀት አይለካበትም፤ የእግርና የትከሻ ቅደም ተከተል ለማስያዝ ግን ይበቃል።