ፒተር ወይስ ሌስ? የስፒድዌይ ወንድማማቾችን በምን ላወዳድር?

ማርታ_ማንችስተር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ማንችስተር ውስጥ በአረጋውያን እንክብካቤ ነው የምሠራው። ከምንከባከባቸው አንዱ አዛውንት ዕድሜ ልካቸውን የከተማዋ የቤል ቩ ስፒድዌይ (የሞተር ሳይክል ውድድር) ቡድን ደጋፊ ናቸው። እሁድ እሁድ ታናሽ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው ይመጣል። ሻይ ሳይቀዳ ክርክር ይጀመራል። ሰውዬው «ፒተር ኮሊንስን የሚያህል አልታየም» ይላሉ። ወንድምየው ደግሞ «የፒተር ታናሽ ወንድም ሌስ በምን ያንሳል? ዕድል ነው ያጣው» ይላል። አሁን እኔን ዳኛ አድርገው አንድ ካርቶን ሙሉ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የውድድር ፕሮግራም አስረክበውኛል። ስለ ስፖርቱ የማውቀው ሞተሩ ፍሬን እንደሌለው ብቻ ነው። ሁለቱን በምን ላወዳድር? ፕሮግራሞቹ ላይ በእስክሪብቶ የተሞሉት ቁጥሮችስ ምንድን ናቸው?

ጭቃ_ጎማ
እህት ማርታ፣ ካርቶኑ ወርቅ ነው፤ እንዳትጥይው። በአንድ ሂት (በአንድ አጭር ሩጫ) አራት ሰው ይነሳል፤ ሁለቱ የባለሜዳው፣ ሁለቱ የእንግዳው። አራት ዙር ይሮጣሉ። አንደኛ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሳጥኖቹ ውስጥ ደጋፊው ራሱ የሞላው ይህንን ነው።

ከቁጥሩ አጠገብ ኮከብ ካየሽ ቦነስ ነው። ሞተረኛው የራሱን ቡድን ጓደኛ ተከትሎ፣ ከባላጋራ ግን ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። ቦነስ ለቡድኑ ውጤት አይደመርም። ለሞተረኛው አማካይ ግን ይቆጠራል። ቁጥር በሌለበት የላቲን ፊደል ካለ ደግሞ፣ ኤፍ ማለት ወደቀ፣ ኢኤፍ ሞተሩ ተበላሸ፣ ኤክስ ዳኛው ከሂቱ አስወጡት ነው። እነዚህም እንደ አንድ ሂት ይቆጠራሉ፤ ነጥባቸው ግን ዜሮ።

አማካዩን እንዲህ ታወጪዋለሽ። ነጥብና ቦነስ ደምሪ፣ በ4 አባዢ፣ ለሂቱ ብዛት አካፍዪ። ለምሳሌ አንድ ሰው በ70 ሂት 150 ነጥብና 10 ቦነስ ቢኖረው፣ 160 በ4 ሲባዛ 640፣ ለ70 ሲካፈል 9.14 ይመጣል። ጣሪያው 12 ነው። ከ9 በላይ ያለው ቡድን የሚሸከም ሰው ነው።

ሳልፎርድ_ልጅ
ይኼ ሁሉ ሂሳብ ለምን አስፈለገ? ፒተር በ1976 ፖላንድ፣ ካቶቪትስ አጠገብ ባለው ትልቅ ስታዲየም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በጥንድ ውድድር ደግሞ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ በ1977፣ በ1980፣ በ1983 እና በ1984። ሌስ ያለው አንድ የብር ሜዳሊያ ነው። ለእሁዱ ክርክር ይኼ ይበቃል። ሻይሽን ጠጪ።

ደርቢ_ነኝ
አይበቃም። ያኔ የዓለም ሻምፒዮን የሚለየው በአንድ ማታ ነበር። 16 ሰው፣ 20 ሂት፣ ለእያንዳንዱ አምስት ዕድል፣ አለቀ። ግራንድ ፕሪ ተጀምሮ ዓመቱን ሙሉ መቁጠር የመጣው በ1995 ነው። ስለዚህ ሜዳሊያ ብቻ ከቆጠርሽ የአንድ ማታ ወሬ ነው የምትቆጥሪው።

እስቲ ነጥቦቹን እዪ። ፒተር በ1976 በ14 ነጥብ አሸነፈ። በ1977 ጎተንበርግ ላይ እግሩ ተሰብሮም ወጥቶ ተወዳደረና 13 ነጥብ አግኝቶ ከአይቫን ማውገር ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። ሌስ በ1982 ሎስ አንጀለስ ላይ ስንት አገኘ? 13! እሱም ሁለተኛ። ብሩስ ፔንሃል በ14 አሸነፈ። ሌላው ወንድማቸው ፊል ኮሊንስ ደግሞ በዚያ ፍጻሜ ላይ ነበር። በነጥብ ሲታይ የሌስ ማታ ከፒተር የ1977 ማታ አያንስም።

ሳልፎርድ_ልጅ
አንዱ በተሰበረ እግር፣ ሌላው በጤናው! በዚያ ላይ በ1982 ኬኒ ካርተር ከፔንሃል ጋር ሲፎካከር ወድቆ፣ ዳኛው ያስወጡት ካርተርን ነው። ካርተር ባይወድቅ ኖሮ ሌስ ሁለተኛ መሆኑን ማን ያውቃል?

ደርቢ_ነኝ
«ባይወድቅ ኖሮ» ማለት ከጀመርንማ ሁሉም ሻምፒዮን ነው።

አራዳ_በለንደን
ጎበዝ፣ እኛም እኮ ይኼንን ክርክር እናውቀዋለን። ለንደን 2012 በ10,000 ሜትር ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ አራተኛ ገቡ። በዚያ ማታ ታናሽ ታላቁን ቀደመ። ግን ታሪኩ ከቀነኒሳ ይበልጣል ብሎ የተከራከረ ሰው ሰምታችኋል? አንድ ማታ በወዲያም በወዲህም አያስፈርድም። ማርታ፣ ዓመታቱን ቁጠሪ።

ጋሽ_መላኩ
ልጄ ማርታ፣ እኔ የ1981ዱን የዌምብሊ ፍጻሜ በቦታው ተገኝቼ ያየሁ ሰው ነኝ። ያንን ሕዝብ ያየ ሰው ይኼ ስፖርት እንዲህ ይረሳል ብሎ አያስብም። ከኮሊንሶች በፊት የነበሩትን ወንድማማቾች ላስታውስሽ፤ ለዳኝነትሽ ይጠቅምሻል።

አሜሪካኖቹ ጃክና ኮርዲ ሚልን በ1937 ዌምብሊ ላይ አንደኛና ሦስተኛ ወጡ። በመካከላቸው የገባው ሌላው አሜሪካዊ ዊልበር ላሞሮ ነው። ዌልሳዊው ፍሬዲ ዊሊያምስ በ1950 እና በ1953 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወንድሞቹ ኤሪክና ኢያንም ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ከፍሬዲ ሌላ የሚጠራቸው የለም።

እኔን የሚያሳዝኑኝ አውስትራሊያዊዎቹ ዱጋኖች ናቸው። ቪክና ሬይ ሁለቱም ለንደን ውስጥ ለሃሪንጌይ ይወዳደሩ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቪክን መቅደም ከባድ ነበር። ነገር ግን በጦርነቱ ምክንያት የ1939ኙ የዓለም ፍጻሜ ተሰረዘ፤ እስከ 1949 ድረስም አልተካሄደም። ቪክ በ1948 ያሸነፈው በምትኩ የተዘጋጀውን የብሪታንያ ተወዳዳሪዎች ሻምፒዮና ነው። ጉልበቱ ሙሉ በነበረበት ጊዜ ዋንጫው ራሱ አልነበረም። በጥር 1950 ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሬይ ሲድኒ ላይ በውድድር መካከል ሞተ። እንግዲህ ቪክን በዓለም ሻምፒዮና ቁጥር ብትለኪው ዜሮ ነው የምታገኚው። በዚያ ዘመን ያየው ሰው ግን ይስቅብሻል። ዓመተ ምህረቱን ሳታይ አትፍረጂ።

ማርታ_ማንችስተር
ጋሽ መላኩ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የዱጋኖቹን ለሰውዬው አነብላቸዋለሁ። ታዲያ ለፒተርና ለሌስ የትኞቹን ዓመታት ልውሰድ? ሙሉውን ካርቶን ልደምር?

ጭቃ_ጎማ
ሙሉውን አትደምሪ፤ ትስቻለሽ። ሁለቱም በከፍተኛው ሊግ የነበሩባቸውን ዓመታት ብቻ ለዪ። ሌስ በኋላ ኤድንብራ ሄዶ በሁለተኛው ሊግ ተወዳድሯል። እዚያ ነጥብ እንደ ጉድ ይሰበስብ ነበር፤ ግን የሚገጥመው ሰው ሌላ ነው። ያንን ከፒተር የቤል ቩ አማካይ ጋር ብትቀላቅዪው ለሌስ ታደያለሽ።

ሁለተኛ ነገር፣ የሜዳና የውጭ ውድድሮችን ለይተሽ አስይ። የቤል ቩ አሮጌ ሜዳ ሃይድ ሮድ ሰፊና ፈጣን ነበር፤ ፒተር ደግሞ እያንዳንዷን ኩርባ ያውቃታል። ሰው በሜዳው ንጉሥ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ሚዛኑ ውጭ ያመጣው ነጥብ ነው።

ደርቢ_ነኝ
ከዚህ ሁሉ የሚሻል መንገድ ልንገርሽ። በ1982 ሌስ የሌስተር ቡድን ሰው ነበር፣ ፒተር የቤል ቩ። ስለዚህ ቤል ቩ ከሌስተር የተጫወተበትን ፕሮግራም ከካርቶኑ ፈልጊ። ሁለቱ አንድ ሂት ላይ ፊት ለፊት የተገናኙባቸውን ብቻ ቁጠሪ፤ ማን ማንን ቀደመ? ወንድም ወንድሙን ሲቀድም የሚያሳይ ወረቀት እያለሽ አማካይ ምን ያደርግልሻል። አደራ፣ አንዱ ወድቆ ወይም ሞተሩ ተበላሽቶ የተሸነፈበትን ለብቻው ጻፊው።

ማርታ_ማንችስተር
ገባኝ። አሁን ካርቶኑን ከፍቼ አንዱን አገኘሁ! ግን ከመካከሉ ገጽ ተቀዷል፤ የመጨረሻዎቹ ሂቶች የሉም። ስሙ የተሰረዘና በላዩ ሌላ ስም የተጻፈበትም አለ።

ጭቃ_ጎማ
ስም የተሰረዘው ታስቦ የነበረው ሰው ሳይሰለፍ ቀርቶ፣ ወይም ተጠባባቂ በቦታው ገብቶ ነው። ነጥቡን ለገባው ስጪ። የጎደሉትን ሂቶች በግምት እንዳትሞዪ። በፕሮግራሙ ሽፋን ላይ ቀኑ አለ። ማንችስተር ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ የዚያን ሳምንት የአካባቢ ጋዜጣ ጠይቂ፤ አሮጌ ጋዜጦች በማይክሮፊልም አሉ። የስፖርቱ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ጠቅላላ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ በቅንፍ ይጻፍ ነበር። ከጠቅላላው ላይ ያለሽን ብትቀንሺ የጎደለውን ታገኚዋለሽ።

ሳልፎርድ_ልጅ
ስታገኚው እዚህ ለጥፊልን። ፒተር ካሸነፈ ደርቢ_ነኝ ቡና ይጋብዘናል።

ደርቢ_ነኝ
ከነቁርሱ። ሌስ ካሸነፈ ግን አንተ ነህ።