የፓምፕ ቆጣሪዎቹ ስክሪፕት፦ ፍጥነት ወይስ ትክክለኛነት?

ጸሐፊ፦ የከዚራ፣ የሳቢያንና የመጋላ ሰፈር አባላት ለድሬዳዋ ዙሪያ ገበሬዎች የውኃ ፓምፕ ቆጣሪ በምናዘጋጀው የጋራ ረቂቅ ላይ የቀረን የቁጥሩ ጉዳይ ነው። ኢኤስፒ32 (ቆጣሪውን የሚያሠራው ትንሽ ቺፕ) ላይ የምንጭነውን ሉዋ (ስክሪፕቱ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) ቁጥሮችን በ32 ቢት እንዲይዝ አድርገን እንገንባው ወይስ እንዳለ በ64 እንተወው?

የከዚራ አባል፦ እኔ 32 እላለሁ። ቺፑ በሃርድዌር የሚያሰላው ባለ 32 ቢቱን ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ብቻ ነው፤ ደብል (ባለ 64 ቢቱ) ሲመጣበት በሶፍትዌር እየተንፏቀቀ ነው። ሚሞሪውም ጠባብ ነው።

የሳቢያን አባል፦ አቦ፣ ፍጥነቱን አልጠላሁም፤ ግን ድምሩ ምን እንደሚሆን እንየው። ሴንሰሩ በየ0.1 ሊትሩ አንድ ምት ይሰጣል፤ አሁን ያለው ስክሪፕት ሊትሩን በፍሎት ይደምራል። ይህ ፍሎት በትክክል የሚይዘው 24 ቢት ነው። ድምሩ 524,288 ሊትር ሲያልፍ ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 0.0625 ስለሚሆን እያንዳንዱ 0.1 ወደ እጥፉ፣ ወደ 0.125 ይጠጋጋል፤ ገበሬው ላልቀዳው ውኃ ሩብ ያህል ጨምሮ ይከፍላል። 2,097,152 ሲደርስ ርቀቱ 0.25 ነው፤ 0.1 ተደምሮ ምንም አይጨምርም። ፓምፑ እየሠራ ቆጣሪው ይቆማል። በሰከንድ 5 ሊትር የሚስብ ፓምፕ የመጀመሪያው ወሰን ላይ በ30 ሰዓት ግድም ይደርሳል፤ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰዓት ብንፈትነው አይታየንም። የሰው ገንዘብ ነውና ይሄን ማለፍ አንችልም። 32 ይሁን፣ ምቱ ግን በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር) ይቆጠር፤ ሉዋ ከ5.3 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. 2015) ኢንቲጀርን ከፍሎት ለይቶ ይይዛል።

የመጋላ አባል፦ ኢንቲጀሩም እኮ ወሰን አለው፤ 2,147,483,647። ያው ፓምፕ ሳያርፍ ከሠራ በአንድ ዓመት ከአራት ወር ግድም ይሞላል፤ ከዚያ ሉዋ ምንም ሳይናገር ወደ ኔጌቲቭ ይዞራል። ሜትር ኪዩቡን (10,000 ምት) ለብቻ፣ ያልሞላውን ምት ለብቻ እንያዝ። ደግሞ በሉዋ የማካፈያው ምልክት / ሁልጊዜ የሚመልሰው ፍሎት ነው፣ ሁለቱም ኢንቲጀር ቢሆኑ እንኳ። ለድምሩ // (ሙሉ ድርሻ) እና % (ቀሪ) ብቻ።

የከዚራ አባል፦ ተስማምቻለሁ። ግፊትና ሙቀት ግን ፍሎት ይሁኑ፤ የቺፑ ኤዲሲ (የሴንሰሩን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) 12 ቢት ስለሆነ 24 ቢት ይበቃዋል።

የሳቢያን አባል፦ ሰዓቱንም አትርሱ። የዛሬው የዩኒክስ ሰከንድ (ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆጠረው) በዚያ ፍሎት ቢያዝ በ128 ሰከንድ እየዘለለ ነው የሚሄደው።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ግንባታው 32 ቢት፤ ምትና ሰዓት በኢንቲጀር፤ ሜትር ኪዩብ ለብቻው፤ ፍሎት ለግፊትና ለሙቀት ብቻ። ማንኛውም ቆጣሪ ከመተከሉ በፊት ድምሩ ከ2,097,000 ሊትር ተነሥቶ ይፈተን።» የፈተናውን ስክሪፕት የሳቢያን ልጆች ጻፉት፤ ከዚራ ደግሞ የ32ና የ64ን ፍጥነት እዚያው ቺፕ ላይ ለክታችሁ ቁጥሩን አምጡልኝ፣ ረቂቁ ውስጥ ይገባል።